የቆቅ ሥጋና የክርስቲያን ማዕድ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ በርበሬ አዘገጃጀትና አቀማመጥ ተነጋግረን ነበር። በዚህ ወር ደግሞ ስለ ቅቤ አነጣጠር ልንጽፍ አስበን ሳለ አንድ ደብዳቤ ደረሰንና አሳባችንን ለወጥን። ደብዳቤውን የጻፉልን በእንግሊዝ አገር በስተ ሰሜን ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እኅታችን ናቸው። የጠየቁት ነገር ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር ለሚኖር ክርስቲያን ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው መልሱን በዚህ ዓምድ መስጠት መረጥን። እኅታችን እንዲህ ይላሉ፤

‹‹ጎረቤታችን ደግና ጨዋ አረጋዊ ናቸው። በነሐሴ መጀመሪያ በአገራቸው ልማድ ወደ ተራራ ወጥተው ካደኑት ወፍ ሁለቱን ከነላባቸው አንገት ለአንገት አስረው፣ በራችንን አንኳኩተው ሰጡን። ወፎቹ የአገራችንን ቆቅ ይመስላሉ። ልጆቼ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን ጾመ ፍልሰታ ነበረና፣ ወፎቹም በምን ሁኔታ እንደ ሞቱ አላወቅሁምና ግራ ገባኝ። እንቢ ብል ሰውየውን አሳዝናለሁ፤ ብቀበልስ ምን አደርገዋለሁ? ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እንብላውን? የሚበላ ከሆነስ እንዴት ይሠራል?››

የዚህ ጥያቄ መልስ በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው፤ በጊዜው፣ በደሙና በድስቱ። ስለ ድስቱ ብቻ ተናግረን የቀሩትን ሁለቱን ብንተው፣ አበው ‹‹ቆቅ ወዲህ፤ ምዝግዝግ ወዲያ›› እንዳሉት ዱላችንን በባዶ ስፍራ መወርወር ይሆንብናል። ስለዚህ በተራ በተራ እንሂድ።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው። ይህች ወፍ በእንግሊዝኛ ግራውስ ትባላለች። ዶሮ፣ ቆቅና ግራውስ ሁሉም የአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ አባሎች ናቸው። ግራውስ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ሰሜናዊ ክፍል በደጋው ሜዳ ላይ ትኖራለች፤ ምግብዋም ‹‹ሄዘር›› የሚባለው፣ ሐምራዊ አበባ የሚያብበው አጭር ቍጥቋጦ ለጋ ቅጠል ነው። ከቆቅ የምትለይበት አንዱ ምልክት እግርዋ ነው፤ የቆቅ እግር ራቁቱን ሲሆን የግራውስ እግር ግን ብርዱን ለመከላከል እስከ ጣቶችዋ ድረስ በላባ የተሸፈነ ነው።

እንግሊዞች ይህችን ወፍ በፈለጉበት ቀን አያድኑም። በ1831 ዓ.ም. በእነርሱ አቈጣጠር የወጣው የአደን ሕግ የግራውስ አደን ከኦገስት 12 ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 10 ቀን ብቻ እንዲሆን ወስኖአል፤ በዚያውም ሕግ በእሑድና በልደት በዓል ቀን ማደን ተከልክሎአል። የዚህም ምክንያት ግልጥ ነው። ወፊቱ በሚያዝያና በግንቦት እንቁላል ጥላ፣ ታቅፋ፣ ጫጩቶችዋን ታሳድጋለች፤ ኦገስት ሲደርስ ጫጩቶቹ አድገው ራሳቸውን ችለው ይበርራሉ። የተራራው ጠባቂዎችም አደኑ ከመጀመሩ በፊት በጁላይ ወር ወፎቹን ይቈጥራሉ፤ ቍጥሩ ያነሰ እንደ ሆነ የዚያን ዓመት አደን የሚተዉ ብዙዎች ናቸው። እናትን ከነልጆችዋ መውሰድ የነገውን ማዕድ ዛሬ መጨረስ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ይህን ዘመን ከእኛ ባሕረ ሐሳብ ጋር እናስተያየው። ኦገስት 12 በእኛ ነሐሴ 6 ቀን ነው፤ ይህም በጾመ ፍልሰታ መካከል ይውላል። ዲሴምበር 10 ደግሞ ታኅሣሥ 1 ቀን ገደማ ነው፤ ይህም በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። እንግዲህ የእንግሊዙ አደን በጾማችን ተጀምሮ በጾማችን ይፈጸማል ማለት ነው። በዚያ አገር ለሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ ይህች ወፍ የምትበላበት ዘመን ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 14 ቀን ድረስ ነው፤ ይኸውም ረቡዕና ዓርብ ሳይቈጠሩ፣ ጾመ ጽጌንም የሚጾሙ እርሱን ሳያካትቱ ነው። ይህን ያህል ቀን የተሰጠው ሰው በነሐሴ 6 ቀን አልበላሁም ብሎ የሚያዝንበት ምክንያት የለም። እኅታችን ወፎቹን ተቀብለው በብርድ ማስቀመጣቸው ስለዚህ መልካም አድርገዋል።

ሁለተኛው ነገር ደሙ ነው፤ ዋናውም ይህ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ አደን ዝም አላለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 17 የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ታዝዞአል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ደግሞ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ወይም ከእንቁላሎችዋ ጋር እንዳይወስድ ተከልክሎአል። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ወገን ላመኑት በጻፉት መልእክት ከደምና ከታነቀ እንዲርቁ አዘዋቸዋል፤ ይህም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ይገኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ፍትሐ ነገሥትም ይህንኑ አጽንቶአል። ቆቅ ራስዋ ርኩሳን ተብለው ከተቈጠሩት አዕዋፍ አይደለችም፤ ንጽሕት ናት። የምትከለክለን አሟሟትዋ እንጂ ፍጥረትዋ አይደለም። በሕይወት ተይዛ በስመ ሥላሴ ተባርካ ደምዋ የፈሰሰ እንደ ሆነ ትበላለች፤ ታንቃ ወይም እንዲሁ ሞታ የተገኘች እንደ ሆነ ግን በክት ናት።

ይህን ስንጽፍ ከልጅነታችን አንድ ነገር ትዝ ይለናል፤ ለአንባብያንም ሳንሸሽግ እንነግራለን። ያደግነው በሰሜን ሸዋ፣ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ከበላያችን የደጋው ገብስ፣ ከበታቻችን የቆላው ማሽላ ነበረ። ማለዳ ማለዳ ቆቆች ከገደሉ ቍጥቋጦ ውስጥ ሲንጫጩ እንሰማለን፤ ማሽላው ሲያፈራም ወደ እርሻው እየወጡ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ። ልጆች ሁሉ ቆቅ ለመያዝ እንመኛለን፤ ነገር ግን ስለ ንቃትዋ ሰውን ‹‹እንደ ቆቅ የነቃ›› የሚያሰኝ ምሳሌ የወጣላት ወፍ ናትና በቀላሉ አትገኝም።

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በነበርንበት ዓመት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በቤታችን ለቅበላ የሚታረድ ዶሮ አልነበረም። አንዲት እንቁላል ጣይ ብቻ ነበረችን፤ እርስዋም በእንቁላልዋ የጨውና የጋዝ መግዣ የምታስገኝ ስለ ሆነች የሚነካት ሰው አልነበረም። አባታችን ታመው ከተኙ ሁለት ወር ሆኖአቸዋል። እናታችን ስለ ቅበላው አንድም ቃል ሳይናገሩ ሽሮውን ሲነፉ አየን። እኛም የአባወራነት ስሜት አደረብንና ወደ ቆላው ወርደን፣ ከፈረስ ጭራ የገመድነውን ወጥመድ ቆቆች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ጠመድን።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ስንደርስ አንዲት የሰባች ቆቅ በወጥመዱ ታንቃ፣ ሞታ፣ አካልዋም ቀዝቅዞ አገኘናት። የታነቀ እንደማይበላ አናውቅም ነበር አንልም፤ እናውቅ ነበር። ነገር ግን የታመሙት አባታችንና ያ ሽሮ በዓይናችን ላይ ስለ ነበሩ፣ ካራችንን አውጥተን የሞተችውን ቆቅ አንገት ቈረጥን፤ በስመ አብም አልን። ከዚያ ዳገቱን እየሮጥን ወጥተን ‹‹እማዬ፤ በሕይወትዋ ይዘን ባረክናት›› አልን።

እናታችን ቆቋን ተቀብለው ከጎጆው ወደ ብርሃን አወጧት። የተቈረጠውን ስፍራ በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ፤ ላባዋንም ዳሰሱ። በላባዋ ላይ አንድም የደም ነጠብጣብ አልነበረም። ዓይናቸውን ወደ እኛ ሳያነሡ፣ ‹‹ልጄ፤ የሞተ እኮ አይደማም›› አሉ።

አልመቱንም፤ አልጮኹብንም። ዶማውን ሰጥተውን በጓሮ ጉድጓድ አስቈፍረው እኛው በእጃችን አስቀበሩን። በቅበላው ማታ ሽሮው ቀረበ። አባታችን ስለ ሆነው ነገር አንዳች ሳያውቁ በሉና ‹‹እጅሽ ይባረክ፤ ይህስ ከሥጋ ይበልጣል›› ብለው እናታችንን አመሰገኑ። እኛ ግን የጐረስነውን ለመዋጥ ተቸገርን። ሥጋ ስለ ቀረብን አልነበረም፤ የሥላሴን ስም በሐሰት ላይ ጠርተን የታመመ አባታችንን በክት ልናበላ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ስለ ተረዳን ነው። እናታችን እስካረፉ ድረስ ይህን ለአባታችን አልነገሩብንም።

እንግዲህ ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። ለእርስዎ ያለን ምክር ይህ ነው። መጀመሪያ፣ ጎረቤትዎን ይጠይቁ። ወፎቹ በአረር ተመትተው ሲወድቁ ወዲያው አንገታቸው ተቈርጦ ደማቸው ፈስሶ እንደ ሆነ፣ ወይስ እንዲሁ ሞተው ተሰብስበው እንደ ሆነ እርሳቸው ያውቃሉ። በዚያ አገር ልማድ የታደነውን ወፍ ደሙን ሳያፈስሱ፣ ከነላባውና ከነሆድ ዕቃው ለጥቂት ቀን ሰቅሎ ማቈየት የተለመደ ነውና፣ መልሱ ሁለተኛው ይሆናል ብለን እንገምታለን። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ እኛ በበኩላችን አንበላውም፤ እርስዎም ወፎቹን ወደ ድስት ከማግባትዎ በፊት የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ የመጨረሻው ቃል የእርሳቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ከጎረቤትዎ አይሸሽጉ። ብዙዎቻችን በሰው አገር ስንኖር ሥርዓታችንን በመናገር ሰው የምናስቀይም ይመስለናልና ስጦታውን ተቀብለን በስውር እንጥለዋለን። ይህ ሰጪውን ማክበር አይደለም። ለሰውየው በትሕትና ‹‹አባት፤ ስጦታዎ በቤታችን ትልቅ ክብር አለው፤ ነገር ግን በሃይማኖታችን ደሙ ያልፈሰሰ ሥጋ አንበላም፤ በዚያን ጊዜም በጾም ላይ ነበርን›› ብለው ቢነግሯቸው የሚቀየሙ አይመስለንም። ወፎቹንም ለሚበላቸው ሌላ ጎረቤት ይስጡልን ብለው ሊመልሱላቸው ይችላሉ። ከዚህም ጋር ከቤትዎ አንድ ድፎ ዳቦ ይዘው ቢሄዱ ባዶ እጅዎን አልተመለሱም። በሚመጣው ዓመት ሰውየው ሊያስቡልዎ ቢፈልጉ፣ ከፍልሰታ በኋላ፣ በሕይወቱ የተገኘውን ወፍ ባለቤትዎ አብረዋቸው ወጥተው እዚያው ቢባርኩት፣ ጊዜውም ደሙም ተስተካከለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ድስቱ ነው። ሥርዓቱን ጠብቆ የተገኘ የግራውስም ሆነ የቆቅ ሥጋ እንዴት እንደሚሠራ አሁን እንናገር።

የዱር ወፍ ሥጋ ከቤት ዶሮ ይልቅ ጠቈር ያለ፣ ስቡም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የወፉን ዕድሜ መለየት ያስፈልጋል። የዘንድሮ ጫጩት ደረቱ ለስላሳ፣ የደረቱ አጥንት ጫፍም በጣት ሲጫኑት የሚታጠፍ ነው። ወንድ ቆቅ ያረጀ እንደ ሆነ ከእግሩ በስተ ኋላ የበቀለው እሾህ መሳይ ጥፍር ረዝሞና ጠንክሮ ይታያል። ለጋው ፈጥኖ ይበስላል፤ ያረጀው ግን ረጅም ጊዜና ዝግ ያለ እሳት ይፈልጋል። የአደን ዘመን መጀመሪያ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት በዚያን ጊዜ ለጋው ስለሚበዛ ነው።

ቆዳውን ከነላባው መግፈፍ በእኛ ልማድ የተሻለ ነው። ሆዱን በጥንቃቄ ከፍተው ሐሞቱ እንዳይፈስስ ይጠንቀቁ፤ አንዲት ጠብታ ድስቱን ሁሉ ታመርራለች። በአንገቱ ሥር ያለውን እህል የሚከማችበትን ከረጢትም ያውጡ። በአረር የተመታ ከሆነ ሥጋውን በጣት እየዳሰሱ የእርሳሱን ፍንጣሪ አንድ በአንድ ይልቀሙ። ይህ ለጥርስ ብቻ አይደለም፤ እርሳስ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጐጂ ስለ ሆነ፣ የእንግሊዝ የምግብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እነዚህ ወገኖች በእርሳስ አረር የታደነ ሥጋ እንዲቀንሱ ይመክራል። ከዚህ በኋላ ሥጋውን እንደ ዶሮ በብልት በብልት ያውጡት፤ ወፉ ትንሽ ስለ ሆነ ግን ዐሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አያስፈልግም፤ ስድስት ይበቃል። ጨውና ሎሚ በተጨመረበት ውኃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው አጥበው ያጠንፍፉት።

ለሁለት ወፍ አንድ ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው፣ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በዝግተኛ እሳት እያማሰሉ ውኃው እስኪደርቅና መልኩ እስኪለወጥ ያቁላሉት፤ ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረው፣ እንዳያርር ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ እንደገና ለግማሽ ሰዓት ያብስሉት። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ ሥጋውን ከትተው፣ ሙቅ ውኃ በልክ አድርገው፣ ድስቱን ይክደኑ። ለጋው በአርባ ደቂቃ ገደማ ይደርሳል፤ ያረጀው እስከ ሁለት ሰዓት ይቈያል። ሥጋው ከአጥንቱ ለመለየት ሲጀምር ኮረሪማና ጥቍር አዝሙድ ያለበትን መከለሻ ነስንሰው፣ ጨዉን አስተካክለው፣ ተቀቅሎ የተላጠና በቢላዋ ጫር ጫር የተደረገ እንቁላል ጨምረው ያውጡት። ከእንጀራና ከአይብ ጋር አራት ሰው ያጠግባል። በርበሬ ለማይችሉ ልጆች በአልጫ መሥራት ይቻላል።

አሁን በአገር ቤት ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቃል እንጨምር። ይህን የአሠራር ሥርዓት አንብባችሁ ልጆቻችሁን ወጥመድ አስይዛችሁ ወደ ገደል እንዳትልኩ አደራ እንላለን። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 ታውጆ፣ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን ተከልክሎአል። አንባብያን ምናልባት ‹‹አንዲት ቆቅ ምን ትሆናለች?›› ትሉ ይሆናል። በልጅነታችን ማለዳ ሲንጫጩ እንሰማቸው በነበረው በጀማ ሸለቆ፣ እንዲሁም በዓባይና በሌሎች ገባሮቹ ሸለቆዎች፣ በዓይንዋ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላት አንዲት ቆቅ ትኖራለች። የውጭ አገር ሊቃውንት በ1899 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መዝግበው የሃርውድ ቆቅ ብለዋታል። ይህች ቆቅ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የለችም። ቍጥቋጦው ለእርሻና ለማገዶ እየተመነጠረ፣ እርስዋም ለሥጋዋ እየታደነች፣ እንቁላልዋም እየተለቀመ ቍጥርዋ ያሠጋል። ሌላዋን፣ ራስዋ ቡናማ እግርዋ ቢጫ የሆነውን ትልቋን የደጋ ቆቅ፣ የውጭ ሰዎች ለአደን ብለው እስከ ሃዋይ ደሴቶች ድረስ ወስደው አራብተዋታል፤ የጀማዋ ግን ከዚህ ብትጠፋ የምትመጣበት ሌላ አገር የላትም።

ስለዚህ በአገር ቤት ያለ ቤተ ሰብ ከዚህ በላይ የጻፍነውን አሠራር በቤት ዶሮ ቢሠራበት ጣዕሙ አያንስም። ልጆች በማሽላው ዳር ቆቅ ከነጫጩቶችዋ ቢያገኙ ቆመው ይዩአት፤ እንቁላልዋንም ቢያገኙ እጃቸውን ይሰብስቡ። ለምን ተብሎ ቢጠየቁ፣ እግዚአብሔር በኦሪት ስለ ወፍ ጎጆ እንኳ ሕግ እንደ ሰጠ ንገሩአቸው።

የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት በእያንዳንዱ ቤት ለቅበላ የሚሆነው ይሰናዳል። ያለው ዶሮ ያርዳል፤ የሌለው ሽሮውን ይነፋል። ሁለቱም ማዕድ በንጹሕ እጅና በእውነተኛ ቃል የቀረበ እንደ ሆነ እኩል የተባረከ ነው። ይህን ያስተማሩን፣ አንዲት ቆቅ ወደ ብርሃን አውጥተው የተመለከቱ እናት ናቸው።

ለእንግሊዟ እኅታችን፣ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለደጉ ጎረቤታቸው ጤናና ሰላም እንመኛለን። ሰውየው ምን እንደ መለሱልዎ ቢጽፉልን ደስ ይለናል። በሚመጣው ወር፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ያዘገየነውን የቅቤ አነጣጠር ይዘን እንገናኛለን።